«ሃይድሮጂኔትድ» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው? «ሙሉ» የተባለውስ ከ«ከፊሉ» ይብሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የብስኩት ማሸጊያ ላይ «በከፊል ሃይድሮጂኔትድ የሆነ የአትክልት ዘይት» የሚል አነበቡ። ሌላ ማሸጊያ ላይ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ሃይድሮጂኔትድ» ይላል። ማታ የእጅ ክሬማቸውን ገልበጥ ሲያደርጉት «ሃይድሮጂኔትድ የጉሎ ዘይት» አገኙ። ጓደኛቸው ደግሞ «ያ ነገር እኮ ከፕላስቲክ የሚለየው በአንዲት አቶም ነው» ብሎ አስፈራራቸው። እንግዲህ ዘይቱ ውስጥ የሚከቱት ጋዝ ነው? ለምን ያደርጉታል? ሙሉው ከከፊሉ የባሰ ነው?

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነውና። አይ፣ ሙሉው አይብስም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በብዙ አገሮች ሕግ የወጣው በከፊሉ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ሪአክተሩ፣ ማለትም ዘይቱና ጋዙ የሚገናኙበት ዝግ ጋን፣ ውስጥ የሚካሄደውን ሳያዩ አይገባም። እኔ ዘይት በሚረጋበት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና ትንሽ ልዘርዝረው።

የፕላስቲኩን ወሬ በአንድ አረፍተ ነገር እንገላገለው። ውሃና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም የሚለያዩት በአንድ አቶም ነው፤ አንዱን ይጠጡታል፣ በሌላው ፀጉር ያነጡበታል። በዚያ ላይ ወሬው ራሱ ልክ አይደለም፤ የፕላስቲክ ሰንሰለት በሺዎች የሚቆጠር ካርቦን ነው፣ የዘይት ጭራ ደግሞ አሥራ ምናምን።

ጭራ ያልኩት ወድጄ አይደለም። የዘይትም የስብም ሞለኪውል አሠራሩ አንድ ነው። ግሊሰሮል የምትባል ትንሽ ራስ አለች፤ ከእሷ ሦስት ረጃጅም ጭራዎች ይወጣሉ። ጭራዎቹ ፋቲ አሲድ ይባላሉ። አብዛኞቹ 16 ወይም 18 ካርቦን ተቀጣጥሎ የተሠሩ ናቸው። ካርቦን አራት እጅ አለው እንበል። በሁለቱ የግራና የቀኝ ጎረቤቱን ይይዛል፣ በሁለቱ ሃይድሮጅን ይይዛል። ሁሉም እጅ እንዲህ ከተያዘ ቅባቱ የጠገበ ነው፤ ሳቹሬትድ የሚሉት ይህን ነው። አንዳንድ ቦታ ግን ሁለት ጎረቤታሞች አንዳንድ ሃይድሮጅን ያጡና በባዶ እጃቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ድርብ ትስስር ማለት ይህ ነው።

በተፈጥሮ ዘይት ውስጥ ድርብ ትስስር ያለበት ቦታ ላይ ጭራው ይጎብጣል። ቀጥ ያለ እንጨት ሲያስሩት ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፤ ጎባጣው ግን መሃል ለመሃል ክፍተት እየተወ ያስቸግራል። ሞለኪውሎችም እንደዚያው ናቸው። ቀጥ ያሉት ተጠጋግተው ይረጋሉ፣ ጎባጦቹ ፈሳሽ ሆነው ይቀራሉ። ቁጥሩን ይዩት። ስቴሪክ አሲድ 18 ካርቦን አለው፣ ድርብ ትስስር የለውም፤ የሚቀልጠው 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው። ኦሌይክ አሲድም 18 ካርቦን አለው፣ ግን አንድ ድርብ ትስስር አለበት፤ 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ሁለት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ርዝመታቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ጉብጠቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሃይድሮጂኔሽን ማለት እነዚያን ድርብ ትስስሮች ከፍቶ ለእያንዳንዱ ካርቦን የጎደለችውን ሃይድሮጅን መስጠት ነው። ስለዚህ ጋዝ ይገባል፣ ግን ጋዝ ሆኖ አይቀመጥም። የሞለኪውሉ አካል ይሆናል። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ እንዳለው አረፋ አድርገው አያስቡት።

ለምን ይደክማሉ? በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ ፈሳሹን ዘይት እንደ ቅቤ የሚቀባ ወይም ለሊጥ የሚሆን የረጋ ቅባት ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ድርብ ትስስር ኦክስጅን የሚያጠቃው ደካማ ጎን ነው። ሦስት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ የበዛበት ዘይት ቶሎ ይሸታል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። እሱን ቀነስ ማድረግ ብቻ የዘይቱን ዕድሜ ያረዝመዋል።

ችግሩ ዘይትና ሃይድሮጅን ዝም ብለው ቢያገናኟቸው አይነካኩም። አስታራቂ ያስፈልጋል፤ ካታሊስት። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ ከባልደረባው ከዣን ባቲስት ሳንደራን ጋር እ.ኤ.አ. በ1897 ኒኬል ይህን ሥራ እንደሚሠራ አሳዩ። የእነሱ ሙከራ ያተኮረው ጋዝና እንፋሎት በሆኑ ነገሮች ላይ ነበር። ዘይት ደግሞ በቀላሉ እንፋሎት አይሆንም። ዊልሄልም ኖርማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1901 ፈሳሹን ኦሌይክ አሲድ እዚያው ፈሳሽ እንዳለ ወደ ረጊ ስቴሪክ አሲድ ለወጠው። በ1902 በጀርመን፣ በ1903 በብሪታንያ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እንግሊዝ አገር ዋሪንግተን ከተማ የነበረው ክሮስፊልድ የሳሙና ኩባንያ መብቱን ይዞ ወደ ፋብሪካ አወረደው። በ1911 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራውን ክሪስኮ አሜሪካ ገበያ ላይ አወጣ። በዚያ ዘመን የዓሣ ነባሪ ዘይት ሳይቀር እየረጋ ለሳሙናና ለማርገሪን ይውል ነበር። ሳባቲዬ በ1912 ኖቤል ተሸለመ፣ ከቪክቶር ግሪኛር ጋር ተካፍሎ። ኖርማን ኖቤል አላገኘም። ወደ ማእድ ቤት የገባው ግን የእሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። ዘይቱ መጀመሪያ ይጣራል፣ ይነጣል፣ ይደርቃል። ከዚያ ማማሰያ ወዳለው ዝግ የብረት ሪአክተር ይገባል። ኒኬሉ የሚመጣው ዱቄት ሆኖ አይደለም። በረጋ ስብ ተለብጦ፣ ምስር የሚያካክል ጥቁር እንክብል ሆኖ ነው። ምክንያቱም ለሥራ የተዘጋጀ ደረቅ ኒኬል አየር ሲያገኝ በራሱ ይቀጣጠላል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከዘይቱ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች። እንክብሉ ሙቅ ዘይት ውስጥ ሲቀልጥ ያ ወርቅማ ዘይት ጥቁር ቀለም ይመስላል። መጀመሪያ ያየ ሰው ዘይቱ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል።

ሙቀቱ 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሃይድሮጅኑ ከታች ይለቀቃል። ግፊቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጥቂት አትሞስፌር። ሦስት ነገር በአንድ ቦታ መገናኘት አለበት፦ ጋዝ፣ ፈሳሽ፣ ጠጣር። ሃይድሮጅኑ ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ከዘይቱ ጋር ኒኬሉ ገጽ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ይጋባሉ። ማማሰያው ከሰነፈ ሁሉም ይሰንፋል።

የዘይቱን ጉጉት የምንለካው በአዮዲን ቁጥር ነው። 100 ግራም ዘይት ስንት ግራም አዮዲን ይውጣል ማለት ነው። ድርብ ትስስር በበዛ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። የኮኮነት ዘይት 10 ገደማ ነው፣ አኩሪ አተር 130 ገደማ፣ ተልባ ከ170 በላይ። አሁን አንድ ሂሳብ እንሥራ። 10 ቶን የአኩሪ አተር ዘይት ከ130 ወደ 70 እናውርድ ብንል፣ ለእያንዳንዱ ቶን ዘይት የአዮዲን ቁጥሩን በአንድ ለማውረድ 0.88 ሜትር ኩብ ያህል ሃይድሮጅን ይፈጃል። ስልሳ ቁጥር፣ አሥር ቶን፤ 530 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ። ብዙ ይመስላል አይደል? በክብደት ግን 48 ኪሎ ብቻ ነው። ከግማሽ በመቶ በታች የሆነ ጭማሪ ፈሳሹን ዘይት ረጊ ያደርገዋል። እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሌላም አለ። ይህ ሥራ ሙቀት ያወጣል። አዮዲን ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥር ዘይቱ ከ1.6 እስከ 1.7 ዲግሪ ይሞቃል። ስልሳ ቢወርድ 100 ዲግሪ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በእንፋሎት አሙቀን፣ ትንሽ ቆይተን በዚያው ጥቅልል ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ እንለቃለን። አዲስ ኦፕሬተር የሚወድቀው እዚህ ነው። ሙቀቱ ሲወጣ ሥራው ይፈጥናል፣ ሥራው ሲፈጥን ሙቀቱ ይወጣል። በዚያ ላይ ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ከተቀላቀለ በቀላሉ ይፈነዳል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። ስለዚህ ሪአክተሩ ከመከፈቱ በፊት በናይትሮጅን ይታጠባል። በዚህ ቀልድ የለም።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት ሥራው ቆመብኝ። ሃይድሮጅኑ ገብቷል፣ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ማማሰያው ይዞራል። በየሩብ ሰዓቱ ናሙና ቀድቼ፣ አጣርቼ፣ በሪፍራክቶሜትር አያለሁ። ሪፍራክቶሜትሩ ብርሃን ዘይቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰበር ይለካል፤ ድርብ ትስስሩ ሲቀንስ ቁጥሩ ይወርዳል። አይወርድም። ኒኬል ጨመርኩ። ንቅንቅ የለም። ደግሞ ጨመርኩ። ሲነጋ የገባው ሽማግሌ ባለሙያ ሪአክተሩን እንኳ አላየም። «የሳሙናው ምርመራ ውጤት የት አለ?» አለኝ። ዘይቱ በኮስቲክ ሶዳ ሲጣራ የሚፈጠረው ሳሙና በደንብ ሳይታጠብ አልፎ ኖሯል። ኒኬሉ ሳሙና ለብሶ ተዘግቷል። ሰልፈር፣ ፎስፎረስ ያለበት የዘይት ሙጫና ሳሙና የኒኬል መርዝ ናቸው። ካታሊስት ብትደፋበት ትደፋለህ እንጂ መርዙን አታሸንፈውም። ከዚያ ወዲህ የማጣሪያ ክፍሉን የምርመራ ውጤት ሳላይ ቫልቭ ነክቼ አላውቅም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ ወደ ከፊልና ሙሉ።

ኒኬሉ ገጽ ላይ ሃይድሮጅን ሁለቱም በአንድ ጊዜ አይገቡም። ተራ በተራ ነው። መጀመሪያ ድርብ ትስስሩ ይላላል፣ አንዱ ካርቦን አንድ ሃይድሮጅን ይቀበላል፣ ሌላው ካርቦን በቀረችው እጁ ኒኬሉን ይዞ ይጠብቃል። ሁለተኛዋ ሃይድሮጅን ከመጣች ነገሩ አለቀ፤ ጭራው ጠገበ። ካልመጣች ግን ሞለኪውሉ ሐሳቡን ይቀይራል። አንድ ሃይድሮጅን መልሶ ይሰጥና ድርብ ትስስሩ እንደገና ይሠራል። በዚህ መሃል ትስስሩ ላልቶ ስለነበር መዞር ይችላል። ሲመለስ እንደ ድሮው ጎባጣ ሆኖ ላይመለስ ይችላል። ቀጥ ያለው ቅርጽ ይበልጥ የተረጋጋ ስለሆነ ብዙው ወደዚያ ያደላል። ትራንስ ፋት ማለት ይኸው ነው። ሃይድሮጅን የተጨመረበት አይደለም፤ ሃይድሮጅን ለመጨመር ተሞክሮ ሳይሳካ የተመለሰ ነው።

የሃይድሮጅኑ ቁጥር እኩል ሆኖ ጠባዩ ግን ይለወጣል። ኦሌይክ አሲድ 13 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል ብለናል። የእሱ ትራንስ መልክ፣ ኢላይዲክ አሲድ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚቀልጠው። አንድ ዓይነት አቶሞች፣ አንድ ዓይነት ብዛት። ቀጥ ስላለ ብቻ ረጋ።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ የሚዘለውን ልናገር። ትራንስ ለፋብሪካው እንደ ጉድለት አይታይም ነበር። እንዲያውም ይፈለግ ነበር። ክፍል ውስጥ ረጋ ብሎ አፍ ውስጥ ጥፍት የሚል ቅባት ይሰጣል። ስለዚህ ሃይድሮጅኑን ሆን ብለን እናስርበው ነበር፦ ሙቀት ከፍ፣ ግፊት ዝቅ። ያኔ ኒኬሉ ገጽ ላይ ሃይድሮጅን እጥረት ይኖራል፣ ሐሳቡን የሚቀይር ሞለኪውል ይበዛል። በከፊል ከረጉት ቅባቶች አንዳንዶቹ ከ40 በመቶ በላይ ትራንስ ነበራቸው። በወተትና በሥጋ ስብ ውስጥም ከብቱ ሆድ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች የሚሠራ ትራንስ አለ፤ ግን ጥቂት በመቶ ነው።

ከዚያ በ1990 ኔዘርላንዳውያኑ ሜንሲንክና ካታን አንድ ጥናት አወጡ። ትራንስ ፋት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ። ተራ የጠገበ ቅባት መጥፎውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ጥሩውን እንዲህ አያወርድም። ዴንማርክ በ2003 ከ100 ግራም ቅባት ውስጥ ከ2 ግራም በላይ የኢንዱስትሪ ትራንስ እንዳይኖር ሕግ አወጣች። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2015 በከፊል የረጋ ዘይት «ደህንነቱ የታወቀ ነው» ከሚባለው መዝገብ አስወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከምግብ አቅርቦት ይጥፋ ብሎ ዘመቻ ጀመረ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2021 ጀምሮ ያንኑ 2 ግራም ገደብ ይሠራበታል።

ሙሉው ለምን ይሻላል ታዲያ? ቀላል ነው። ትራንስ ለመሆን ድርብ ትስስር ያስፈልጋል። እስከ መጨረሻው ከሄዱ ድርብ ትስስር አይቀርም፤ ስለዚህ ትራንስም አይኖርም፣ ቢኖር ርዝራዥ ነው። የሚያገኙት ከሞላ ጎደል ስቴሪክ አሲድ የሆነ፣ በጥፍር የሚፋቅ ሻማ መሰል ነገር ነው። ብቻውን አይበላም። የለውዝ ቅቤ ውስጥ አንድ ሁለት በመቶ ይገባል፤ ዘይቱ ወደ ላይ እንዳይንሳፈፍ ይይዘዋል። ወይም ከፈሳሽ ዘይት ጋር ተደባልቆ ጭራዎቹ ቦታ እንዲለዋወጡ ይደረጋል፤ ኢንተርኢስተሪፊኬሽን ይሉታል። ከዚያ የሚገኘው ያለ ትራንስ የሚቀባ ማርገሪን ነው።

ይህ ማለት ግን ጤና ምግብ ነው ማለት አይደለም፤ እንዳንተዛዘብ። የጠገበ ቅባት ነው። ስቴሪክ አሲድ ኮሌስትሮል ላይ ያለው ጫና ከሌሎቹ የጠገቡ ቅባቶች ያነሰ ቢሆንም፣ ካሎሪው ካሎሪ ነው።

«ኒኬሉስ?» የሚል አይጠፋም። ዘይቱ ቀዝቀዝ ብሎ በፊልተር ፕሬስ ያልፋል፣ የቀረችው ርዝራዥ በሲትሪክ አሲድና በማንጫ አፈር ትያዛለች። በሚሊዮን ከአንድ እጅ በታች እስኪሆን ነው የሚወጣው። ከዚያ ሽታ ማስወገጃ ውስጥ ይገባል፤ ሃይድሮጂኔሽን የራሱ የሆነ የሚያስጠላ ጠረን አለው። የተሟሟ ጋዝ ቢተርፍ እንኳ እዚያ በቫኪዩም ይወጣል።

አሁን ወደ ክሬምዎ። የጉሎ ዘይት ልዩ ዘይት ነው። ዋናው ፋቲ አሲዱ፣ ሪሲኖሌይክ አሲድ፣ ድርብ ትስስርም አለው፣ 12ኛው ካርቦን ላይ ደግሞ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው ተሰክተውበታል። ድርብ ትስስሩን ስናጠግበው ከ85 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ነጭ ሰም ይሆናል። ክሬሙን ያወፍረዋል፣ ውሃና ዘይቱ እንዳይለያዩ ያግዛል። የትራንስ ፋት ጥያቄ እዚህ ቦታ የለውም፤ አይበሉትም።

የሚገርመው ያው የጉሎ ሰም ጋራዥ ውስጥም አለ። ከእሱ የሚወጣው አሲድ ከሊቲየም ጋር ሳሙና ሲሠራ፣ ቀጫጭን ክሮች ሆኖ እንደ ስፖንጅ የማለስለሻ ዘይት ይይዛል። ሊቲየም ግራሶ የሚባለው እሱ ነው። ኩሺኔታው ሲዞር ዘይቱን ይለቃል፣ ሲቆም መልሶ ይይዛል። ውሃ አያጥበውም፣ ሙቀትም ቶሎ አያፈሰውም። በዓለም ላይ ከሚሠራው ግራሶ ትልቁን ድርሻ የያዘው ይህ ቤተሰብ ነው።

ስቴሪክ አሲድም እንዲሁ ብዙ ቤት ይገባል። ሻማ፣ ሳሙና፣ የመኪና ጎማ። ጎማ ውስጥ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ሆኖ ሰልፈሩ ጎማውን እንዲያጠነክር ያነሳሳል። ማግኒዥየም ስቴሬት ሆኖ ደግሞ ክኒን ማተሚያው ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ማለትም ዛሬ ጠዋት ክኒን ውጠው ከሆነ፣ ሳያውቁት ከዚህ ዘመድ ቀምሰዋል።

ሃይድሮጅን ድርብ ትስስሩን ትቶ የጭራውን ጫፍ ሲያጠቃ ነገሩ ይለያል። ግፊቱ ከ200 አትሞስፌር በላይ ይሆናል፣ ካታሊስቱ መዳብ ያለበት ነው፤ የሚወጣው ፋቲ አልኮል ሲሆን ሻምፑና የልብስ ሳሙና ይሠራበታል። ከ300 ዲግሪ በላይ ከሄዱ ደግሞ ኦክስጅኑ ራሱ ውሃ ሆኖ ይወጣና የቀረው ናፍጣ ነው። ኔስቴ የተባለው ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ ፊንላንድ ፖርቮ ላይ ይህን ይሠራል። ያቺ ትንሿ ራስ፣ ግሊሰሮል፣ ፕሮፔን ጋዝ ሆና ትወጣለች።

ወደ ብስኩቱ ስንመለስ፣ ማሸጊያው ላይ «በከፊል» የሚል ካለ መልሱት። «ሙሉ በሙሉ» ካለ የጠገበ ቅባቱን መጠን አይተው ይወስኑ። «ሃይድሮጂኔትድ» ብሎ ዝም ካለ ግን ምንም አልነገረዎትም። «ትራንስ ፋት 0» የሚለውም ሁልጊዜ ዜሮ አይደለም፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ በአንድ ድርሻ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል፣ አራት ድርሻ የበላ ሰው ግን አራቱንም ነው የበላው። አምራቹን መጠየቅ ከቻሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ከ100 ግራም ቅባቱ ውስጥ ትራንሱ ስንት ግራም ነው? በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የፋቲ አሲዶቹን ዓይነት በሚለይ የላብራቶሪ መሣሪያ፣ የሚለካ ነገር ስለሆነ የሚያውቅ አምራች ቁጥሩን ወዲያው ይነግርዎታል።